ማን አየኝ? የፋይዳ መታወቂያና የግል ምስጢር፤ ክርክር ከኮምቦልቻና ከደሴ

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ባንክና መሰል አገልግሎት ለማግኘት የፋይዳ መታወቂያ ግዴታ መሆኑ ተገቢ ነው።» ደጋፊው ኮምቦልቻ የሚሠራ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ተቃዋሚዋ ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህርት ናቸው።

ደጋፊ፦ እትዬ፣ ከአክስቴ ልጀምር። ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ ፍየል ትነግዳለች። ገንዘብ አላት፤ በስሟ የባንክ ደብተር ግን አልነበራትም። የቀበሌ መታወቂያዋ በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ዕቃዋ ጋር ጠፋ። ምትክ ልታወጣ ስትሄድ መዝገቡም አልተረፈም። ምስክር አምጪ ተባለች። ምስክሮቹ ደግሞ ተበትነዋል። ስለዚህ የልፋቷ ገንዘብ ለዓመታት በእኔ ስም ተቀመጠ። እኔ ብሞት ማን ያምናታል?

ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል) እና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ወረቀት ቢቃጠል ጣቷ አለ። ብሔር አይጠይቅም፤ ሃይማኖትም አይጠይቅም። በአሮጌው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር። ኬላ ላይ ያቺ አንዲት መስመር ሰውን ምን ያህል እንዳስጨነቀች እናውቃለን።

ተቃዋሚ፦ አብሽር ልጄ፣ የአክስትህን ችግር አልክድም። ብሔር አለመጻፉንም እወደዋለሁ። እኛ ወሎዎች ባንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ሆነን የምንኖር ሰዎች ነን፤ መዝግቡን ብለን አናውቅም።

ግን ያነሳኸው ጦርነት የእኔም ማስረጃ ነው። በዚያ ኅዳር የቤተሰቤን ሰነድ በላስቲክ ጠቅልዬ ጓሮ ቀብሬዋለሁ። ሌባ ፈርቼ አይደለም። ወረቀቱ ማን እንደሆንን፣ ማን የት እንደሚሠራ ስለሚናገር ነው። ወረቀት ይቀበራል። አንድ ቦታ የተከማቸ የሚሊዮኖች አሻራ እንዴት ይቀበራል? እ.ኤ.አ. በ2021 ታሊባን ካቡል ሲገባ የአሻራና የዓይን መመዝገቢያ መሣሪያዎች እጁ እንደገቡ ተዘግቧል። መዝጋቢው ሌላ፣ ወራሹ ሌላ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት አይቀየርም።

ደጋፊ፦ የሚያስፈራው ሕግ የሌለው መዝገብ ነው። እዚህ ሕግ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ተከትሏል። ዋናው ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ እሱ እንዳይጋለጥ 16 አኃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጅቷል።

ደሞ ያለንበትን እንይ። የመታወቂያችን ኮፒ በየሆቴሉና በየቢሮው መሳቢያ ተከምሯል። ጀርባው ላይ የሱቅ ዱቤ የተጻፈበት የሰው መታወቂያ ኮፒ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ነው እንግዲህ የምንጠብቀው ምስጢር?

ተቃዋሚ፦ ኮፒው መጥፎ ነው፤ አብረን እንቃወመዋለን። ከመሳቢያ የወጣ ኮፒ ግን የአንድ ሰው ጉዳት ነው።

ስለ ሕግ ካነሳህ፣ ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው ሶፍትዌር የመጣው ከሕንድ፣ ከባንጋሎር ነው። ሶፍትዌሩን ስንወስድ የሕንድን ፍርድም ማንበብ ነበረብን። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የግል ሕይወት መከበር መሠረታዊ መብት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አድሃር የተባለው መታወቂያቸው ይቀጥል፣ ነገር ግን ለባንክ ሂሳብና ለሲም ካርድ ግዴታ አይሁን ብሎ ወሰነ። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሁዱማ የተባለውን የመታወቂያ ካርድ ሕገወጥ ብሎታል፤ በሰው ዳታ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና።

እኔ መታወቂያ ይቅር አላልኩም። ኢስቶኒያ ውስጥ ዜጋው መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳየ ራሱ ገብቶ ማየት ይችላል። የአክስትህ መዝገብ በተከፈተ ቁጥር ከፋቹ ማን እንደሆነ ስልኳ ላይ ይድረሳት። ማንበብ ካልቻለች በድምፅ ይነገራት። ያ እስኪሆን ማንም አይገደድ።

ደጋፊ፦ ያው የሕንድ ፍርድ ቤት ለድሆች ድጎማ አድሃር እንዲጠየቅ ፈቅዷል፤ ያንንም ይጨምሩልኝ። ማን አየኝ የሚለውን ጥያቄ ግን እቀበላለሁ። ትክክል ነው፤ እኔም አብሬዎት እጠይቃለሁ። የማልቀበለው «እስኪሆን» የሚለውን ነው። በጠበቅን ቁጥር የምትጎዳው ስም የሌላት ናት። አክስቴ ባለፈው ወር ደብተር አወጣች። ሽፋኑ ላይ ስሟን በጣቷ እየነካች አሳየችኝ።

ተቃዋሚ፦ እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ወዳ ነው የተመዘገበችው ወይስ ሌላ መንገድ አጥታ?

ደጋፊ፦ ጠይቄያት ነበር። «በስሜ ይሁንልኝ እንጂ ቢያዩኝ ምን አለበት» ነው ያለችው።

ተቃዋሚ፦ ያንን ያለችው ባንኩን አስባ ነው፣ ልጄ። ከባንኩ ሌላ ማን ሊያያት እንደሚችል የነገራት አለ?