ወረቀታችሁን ጠይቁ፣ ግሬድ አትለምኑ

ወገኖቼ፣ ተማሪውንም፣ ወላጁንም፣ ስልክ ደውሎ «የኛ ልጅ ናት፣ እስቲ እያት» የሚለውን ባለሥልጣንም ነው የማናግረው።

ሴሚስተሩ አልቆ ግሬድ ሲለቀቅ የመምህሩ ስልክ ዕረፍት ያጣል። «ቲቸር፣ ጂሲ፣ የዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ ይቺን ዲ ሲ ያድርጉልኝ።» «ቲቸር፣ እናቴ ታማብኝ ነው።» «ቲቸር፣ 2 ነጥብ ካልሞላሁ መባረሬ ነው።» እኔም አስተምራለሁ፣ እንዲህ ያለው መልእክት አንጀት ይበላል። ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረ አባት አለ። ችግሩ እውነት ስለሆነ ግን ያልተሠራው ፈተና እንደተሠራ አይቆጠርም።

የታረመውን የፈተና ወረቀቴን ልይ ማለት መብታችሁ ነው። ድምር ይሳሳታል፣ አሳይመንት ሳይያዝ ይቀራል፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይጻፋል። ያኔ ዝም አትበሉ። መምህሩ እምቢ ካለ ዲፓርትመንት ሂዱ፣ ሪማርኪንግ፣ ማለትም ፈተናው እንደገና እንዲታረም ጠይቁ። ለፋይናል (ለማጠቃለያው ፈተና) የታመመ ማስረጃውን ይዞ በጊዜ ያመልክት፣ ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም «ውጤቱ አልተሟላም» ተብሎ ይያዝለታል። ኤፍኤክስ የመጣበት፣ ማለትም ለጥቂት የወደቀ፣ ድጋሚ ይፈተን። ይህ ሁሉ ለማንም ተማሪ ክፍት ነው። በልመና የሚጠቀመው ግን ደፋሩና ሰው ያለው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ከገጠር የመጣች፣ ማንንም የማታውቅ፣ መምህሩን ቀና ብላ ማየት የምታፍር ልጅ አለች። ያገኘችውን ሲ ተቀብላ ዝም ብላለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ከሷ ያነሰ ሠርቶ ለምኖ ቢ ቢያገኝ፣ ነገ ለሥራ ሲወዳደሩ ማን ይጠራል? ቀጣሪው የሚያየው ሲጂፒኤ፣ የኮርሶቹን ሁሉ አማካይ ውጤት ነው። ቢዋ እንዴት እንደመጣች ማን ይነግረዋል?

የባሰም አለ። ግሬድ በድርድር የሚቀየር ከሆነ ዋጋ የሚጠይቅ መምህር ይመጣል። አንዱ ገንዘብ ይላል። ሌላው ሴት ተማሪን በምሽት ቢሮ ይጠራል። በግቢ የኖርን ሁላችን እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምተናል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የመምህሩ ነው፣ ልጅቷ ላይ አንዲት ጣት መቀሰር የለበትም። ነገር ግን ሁሉም ተማሪ ቢሮ እየገባ «ጨምሩልኝ» በሚልበት ግቢ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይለየዋል? በእኛ ልማድ ተሸፍኖ ይኖራል። ይሉኝታችንና «ምን አለበት» ባይነታችን ለእሱ ከለላ ሆኖታል።

ደግሞ ለምን ያህል ትርፍ ነው? እስከ ምረቃ 150 ክሬዲት የሚወስድ ተማሪ የአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ውጤት ከሲ ወደ ቢ ቢያድግለት፣ ሲጂፒኤው ላይ የሚጨመረው 0.02 ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ እዚያ የሚለመን ቲቸር የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ በልመና የታለፈ ኮርስ እዚያ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ የሚያለቅሰው ያው ተማሪ ነው።

ባልደረቦቼ መምህራን፣ እናንተንም አልተዋችሁም። የኩዊዝና የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ወረቀት ሳትመልሱ ተማሪውን ፋይናል ላይ የምታደርሱት ለምንድን ነው? የት እንደቆመ ሳያውቅ የከረመ ልጅ በመጨረሻ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? በጊዜ አርሙ፣ ወረቀቱን አሳዩ፣ ስህተታችሁን ሲያሳያችሁም ሳትቆጡ አስተካክሉ። አንዱን አዝናችሁ ከጨመራችሁለት ግን ያልለመኑትን ሁሉ በድላችኋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «ለመምህሩ ደውሉልኝ» ካላችሁ መጀመሪያ ወረቀቱን አይቶ እንደሆነ ጠይቁት። ካላየ ሄዶ ይይ። ስህተት ካገኘ ሪማርኪንግ ያስገባ። ስህተት ከሌለና ከወደቀ ኮርሱን በድጋሚ ይውሰድ፣ የሴሚስተሩ ወጪ ከከበደው እሱን አግዙት።