ለገንዘብ የተፈቀደው ኮታ

ወገኖቼ፣ ስለ ኮሌጅ መግቢያ ኮታ ስትከራከሩ ህንድን መጥቀስ ትወዳላችሁ። እንግዲያው ሙሉውን ስሙ።

በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 2005 ሰባት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በኢናምዳር መዝገብ ላይ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ጥያቄው፣ ከመንግሥት ድጎማ የማይወስድ የግል ኮሌጅ ከካስት ሥርዓቱ በታች ለተጣሉት ለዳሊቶችና ለሌሎች የተገፉ ወገኖች ወንበር እንዲለይ መንግሥት ሊያስገድደው ይችላል ወይ የሚል ነበር። አይችልም አሉ። ኮሌጅ ማቋቋም የሥራ ነፃነት መሆኑን በ2002 አሥራ አንድ ዳኞች ወስነው ነበር፤ ያለ ፈቃዱ ወንበር መቀነስ ደግሞ ወንበሩን እንደ መውረስ ይቆጠራል ተባለ።

እስከዚህ የሕግ ክርክር ነው፣ ሰው ላይስማማ ይችላል። ይቅር የማልለው እዚያው ፍርድ ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር ነው። ውጭ አገር ለሚኖሩ ህንዳውያን ልጆች ግን ኮሌጁ ከፈለገ እስከ 15 በመቶ ወንበር መለየት ይችላል! እነሱ የሚከፍሉት ከፍ ያለ ነዋ። ወንበሩ የእውነተኛ ውጭ ነዋሪ ልጅ ብቻ ይያዘው፣ በመካከላቸውም ብቃት ጨርሶ አይዘንጋ የሚል ገደብ ተቀመጠ። የሚገኘው ገንዘብም የድሆችን ክፍያ ይደጉም ተባለ። ስለዚህ ድሃው በመብት የጠየቀው ወንበር ከሀብታሙ ማዕድ የሚወድቅ ፍርፋሪ ሆነለት።

ገደቡስ? በ2024 የህንዱ የፑንጃብ ክልል መንግሥት የ«ውጭ ነዋሪ»ን ትርጉም ለጥጦ አጎትና አክስት ውጭ ያለውን ሁሉ ሊያስገባበት ሞከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማጭበርበር ነው ብሎ አልተቀበለውም። በሩን የከፈተው ግን ራሱ ነበር።

ፓርላማው በዚያው 2005 ዲሴምበር ላይ 93ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። በማሻሻያው የገባው አንቀጽ 15(5) ከአናሳ ማኅበረሰቦች ተቋማት በቀር በግል ኮሌጆችም ለተገፉት ወንበር እንዲለይ መንግሥት ማስገደድ ይችላል አለ፤ በ2014 አምስት ዳኞች አጸኑት። ችግሩ፣ አንቀጹ ሥልጣን ይሰጣል እንጂ ወንበር አይሰጥም፤ ማስፈጸሚያ ሕግ ይፈልጋል። የ2006ቱ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የማዕከላዊ መንግሥት ተቋማትን ብቻ ይዞ ቀረ። እንደ ማሃራሽትራ ያሉት ክልሎች የራሳቸውን ሕግ አወጡ።

እኛስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35(3) ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይወሰድ ይላል። በዝቅተኛ መቁረጫ ነጥብ የገባችን ልጅ ግን «በኮታ ናት» እያላችሁ ታሸማቅቃላችሁ። የአባቱ ገንዘብ ያስቀመጠውን «በምን ገባህ» ያለው ማን ነው? ማንም። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም፣ ገንዘብ የገዛው ወንበር ኮታ ስለማይመስላችሁ ነው።

በ2025 የህንድ ፓርላማ ኮሚቴ በግል ተቋማትም ከመቶ 15 እጅ ለዳሊቶች፣ 7.5 እጅ ለነባር ጎሳዎች፣ 27 እጅ ደግሞ ለሌሎች ኋላ ለቀሩ ወገኖች እንዲለይ ሕግ ይውጣ ብሏል፤ ከፍርዱ ሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከወጣም ባለኮሌጆቹ እንደገና መክሰሳቸው አይቀርም። ይክሰሱ። እናንተ ግን ቀጥሎ ስትከራከሩ ያቺን የውጭ ነዋሪዎች 15 በመቶም ቁጠሯት።