ለወረተኛው ጥብቅና ልቁም

በአገራችን አንድን ሰው ለማሳነስ «ወረተኛ» ማለት ይበቃል። አምና ክራር ይማር የነበረው ዘንድሮ ወፍ ካላየሁ ይላል፤ እሱም ሳይጠና ቼዝ ይይዛል። ቤተሰብ ይታዘባል፣ ጓደኛ ይስቃል፣ «አንተ አንድ ነገር የምትጨርሰው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየበዓሉ ማዕድ ላይ ይነሳል። እኔ ግን ይህ ሰው ማበረታቻ ይገባዋል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ለጥቂት ሳምንታት ከልብ ይዞ፣ ጠግቦ ወደ ሌላ መሻገር ሰው ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ መማሩን የሚቀጥልበት አንዱ ደህና መንገድ ነው።

ክራሩን እንውሰድ። ለአንድ ወር ክራር የያዘ ሰው ክራር ተጫዋች አይሆንም። ሆኖም መሣሪያውን ለመቃኘት ሲታገል ጆሮው ይከፈታል። የትዝታን ቅኝት ቃኝቶ ሲያበቃ ወደ ባቲ ቅኝት ልሂድ ቢል ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ይሆንበታል፤ የትኛው ድምፅ ሲነሳ ስሜቱ እንደሚለወጥ በጣቱ ያውቀዋል። አምባሰልና አንቺሆዬ ሲጨመሩበት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ዝም ብሎ ይሰማቸው የነበሩ ዘፈኖች እየተለዩ ይመጡለታል። ከዚያ በኋላ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ቢለብስም፣ ታክሲ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት «ይሄ እኮ ባቲ ነው» የሚል ጆሮ አብሮት ይኖራል። ይህን ኪሳራ ብሎ የሚቆጥር ሰው ምን ሊያተርፍ ፈልጎ እንደነበር ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

እኔን አንድ ሰሞን የያዘኝ ወፍ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በጣራ ላይ እየጮኹ የሚያልፉ፣ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው፣ ከጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልባቸው ትልልቅ ወፎች አሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኙ የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው። በውሰት ያመጣሁትን የሩቅ ማያ መነጽር ለባለቤቱ መልሻለሁ። ድምፃቸው ግን ዛሬም ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ይለየኛል።

የቀረ ነገር አለ የምለው ለማጽናናት አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ራሱን ብቻ እየፈተነ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በቃሉ ያጠና ነበር፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ስሙ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ግን አለካኩ ላይ ነው። የረሳውን ነገር እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ይልቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ ነበር የሚለካው። ከ31 ቀን በኋላ እንኳ ከጊዜው አንድ አምስተኛ ያህሉ ይተርፍለት ነበር። ጠፋ የተባለው ትምህርት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ነው። ክራሩን ከዓመታት በኋላ ያወረደ ሰውም ከዜሮ አይጀምርም።

ወረት ወደ ገዛ አካልና ልማድ ሲዞር ደግሞ ሙከራ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሙከራ የምንለው ነገር ምንም ሳያሳየን ያልቃል። ቡናን እንመልከት። አንድ ሰው ቡና ባልጠጣ እንዴት እሆናለሁ ብሎ ያቆማል፤ በማግሥቱ ራሱን ይወቅረዋል፣ ይነጫነጫል፣ በሦስተኛው ቀን ጀበናው ይጣዳል። «ቡና ካልጠጣሁ እታመማለሁ፤ ሞክሬዋለሁ» ይላል። የቡና ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ቢበዛ በ9 ቀን ገደማ ይለቃል። በሦስተኛው ቀን የተመለሰ ሰው ያየው የማቆሙን ሥቃይ ብቻ ነው፤ ያለ ቡና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገና አላየም። ይህን ለማየት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ደብተርና አንድ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ የመጨረሻውን ስኒ በስንት ሰዓት እንደጠጣና በስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደወሰደው ይጻፍ። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህ ልክ ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ ለራስ የሚሆነውን የሚነግር የራስ ደብተር ነው።

በዚያው ሳምንት ስኳር የተወ፣ ሩጫ የጀመረና በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ የያዘ ሰው ግን እንቅልፉ ቢስተካከል የትኛውን ያመሰግናል? አንድ በአንድ መሄድ ነው።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ሲወራ ጀብዱው ይጎላል። ከመጠጣቱ በፊት ግን ጨጓራውን አስመርምሮ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጦ ነበር። ያ ምርመራ ባይኖር ኖሮ በኋላ የመጣው ሕመም ምንም ባላስረዳ ነበር። እሱ በሙያው ውስጥ የቆመ ሐኪም ነው። መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጥን ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሰማውን ቅጠል ቀቅሎ የሚጠጣን ሰው በዚህ ታሪክ ማጽደቅ አይቻልም። ከዚህ ዓይነቱ ነገር እባካችሁ ራቁ።

ልማድን መፈተን ግን ለማንም ክፍት ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በወጣትነቱ 13 በጎ ጠባዮችን ዘርዝሮ በየሳምንቱ ለአንዱ የተለየ ትኩረት ይሰጥ ነበር። ትንሽ ደብተር ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምሮ፣ ላጠፋው ሁሉ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል፤ 13 ሳምንቱ ሲያልቅ በዓመት አራት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ፍጹም እንዳልሆነ፣ በመሞከሩ ግን የተሻለና ደስተኛ ሰው እንደሆነ በኋላ ጽፏል። የእኛ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ፍልሰታን 15 ቀን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ መጨረሻው የታወቀ መተው እንዴት እንደሚቻል ያውቃል። ጾም አምልኮ እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ግን «ለዘላለም ተውኩ» ከማለት ይልቅ ቀን መቁረጥ እንደሚያስችል ያስተማረን እሱ ነው።

«የጀመሩትን መጨረስ» የሚሉትን አባቶች አከብራለሁ። ልጅ ማሳደግ፣ የሰው አደራ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ይጨረስ። ለራስ ብለው የያዙት ነገር ግን የማንም ዕዳ የለበትም። የምቃወመው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ውድ ዕቃ መግዛትን ነው፤ መዋስና መከራየት እያለ ቤተሰብን ማስከፋት አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ በልጆች ላይ የምናደርገው ነው። ሥዕል ጀምሮ ወደ ኳስ፣ ከኳስ ወደ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም የሄደን ልጅ «አይረጋም» ብለን እንገስጻለን። ያው ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ምረጥ ይባላል። ሳይቀምስ በምን ይምረጥ? የጓደኞቹን ምርጫ ይከተላል ወይም የአባቱን ምኞት ይሞላል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የማይወደው ነገር ውስጥ መሆኑ የሚገባው። ትምህርት ቤቶች ቢያንስ በክበባት በኩል ይህን ማቃለል ይችላሉ። ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክበብ ታስሮ ከሚቆይ በየሴሚስተሩ እንዲቀይር ይፈቀድለት፤ ሲወጣም ምን እንደሞከረ፣ ምን እንደወደደና ምን እንደሰለቸው አንድ ገጽ ጽፎ ይውጣ። 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ በእጁ ያለው የእነዚያ ገጾች ስብስብ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ምርጫው የሚነጋገርበት ይሁን።