የ1916ቱን አመጽ ያስነሳው ሲን ፌን አይደለም

«በ1916 የእንግሊዝን አገዛዝ በመቃወም የተነሳውን የደብሊኑን የፋሲካ አመጽ ያካሄደው የአየርላንዱ ፓርቲ ሲን ፌን ነው» የሚለው አባባል መታረም አለበት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አመጹን ያቀደው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ወንድማማችነት የተባለው ኅቡዕ ማኅበር ነው። ጠመንጃ አንስተው የወጡት ደግሞ የአየርላንድ በጎ ፈቃደኞችና የሠራተኞች መሪ የነበረው የጄምስ ኮኖሊ የዜጎች ጦር ናቸው። የበጎ ፈቃደኞቹ አዛዥ ኦወን ማክኒል እንኳ ዕቅዱን የሰማው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነበር። አመጹ ሊጀመርበት የታሰበውን የእሑዱን ስምሪት በጋዜጣ አሳውጆ ሰረዘው፤ አመጹ ለሰኞ ኤፕሪል 24 ተላለፈ፣ የወጣውም ሰው ከታሰበው እጅግ አነሰ።

አርተር ግሪፊዝ በ1905 የመሠረተው ሲን ፌን ያኔ ትንሽ ፓርቲ ነበር፤ መንገዱም ሰላማዊ። ተመራጮች ለንደን ፓርላማ አይግቡ፣ ደብሊን ላይ የራሳቸውን ምክር ቤት ያቁሙ፣ ንጉሡ ግን የጋራ ይሁን ይል ነበር፤ ሃንጋሪ በ1867 ከኦስትሪያ ጋር እንዳደረገችው ማለት ነው። ግሪፊዝን የአመጽ ጠንሳሽ ማድረግ ታሪኩን መበደል ነው።

ስህተቱ የመነጨው የእንግሊዝ ባለሥልጣናትና ጋዜጦች አመጹን በሲን ፌን ስም ስለጠሩት ነው። መሪዎቹ ከተረሸኑ በኋላ የሕዝቡ ስሜት ተለወጠ፤ ከእስር የተፈቱት ታጋዮችም ወደ ፓርቲው ጎረፉ። በ1917 ከአመጹ አዛዦች አንዱ የነበረው ኤመን ዴ ቫሌራ ሊቀመንበር ሆነ፣ የፓርቲው ዓላማም ወደ ሪፐብሊክ ዞረ። በ1918ቱ የለንደን ፓርላማ ምርጫ ፓርቲው ከአየርላንድ 105 መቀመጫዎች 73ቱን ወሰደ።

ሁለቱ መስመሮች፣ የፓርቲው ፖለቲካና የታጣቂዎቹ ትግል፣ ከዚያም በኋላ አንድ አልሆኑም። ጃንዋሪ 21 ቀን 1919 ተመራጮቹ ደብሊን ላይ ምክር ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ በዚያው ዕለት በአየርላንድ ቲፐረሪ አውራጃ ሶሎሄድቤግ በተባለ ቦታ ላይ ሁለት ፖሊሶችን የገደሉት በጎ ፈቃደኞች ከምክር ቤቱ ፈቃድ አልተቀበሉም።