ጀግናህን እናቱ ምን ብላ ትጠራዋለች?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሠዓሊ በቴሌግራም 12 ጀግኖች ላከልኝ። ሁሉም ካባ አላቸው። አንዱ የአንበሳ ጎፈር ደፍቷል፤ ሌላው ጋሻ ይዞ ከመዳፉ መብረቅ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ልጁ እጁ ከእኔ ይበልጣል። ጡንቻው፣ ጥላው፣ የካባው እጥፋት ሁሉ ልክ ነው። «እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ይሄ ባለመብረቁ፣ እናቱ ምን ብላ ነው የምትጠራው?» ብዬ ጻፍኩለት።

ሁለት ቀን ዝም አለ።

ላሾፍበት ፈልጌ አይደለም። እኔም በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ የምለቅ ሰው ነኝ፤ ጥያቄውን የተማርኩት በራሴ ደርሶ ነው። የመጀመሪያው ገፀ ባህሪዬ ቀን ቀን የታክሲ ረዳት፣ ማታ ማታ የሚበር ጀግና ነበር። ካባው ጠርዙ ላይ ጥበብ ነበረው። በጥበቡ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቻለሁ። ስድስት ክፍል ለቀቅኩ፤ ሰው «ጎበዝ፣ በርታ» እያለ አለፈ። «በርታ» የሚባለው ሥራው ሳይጥም ሲቀር መሆኑን የተባለ ያውቀዋል።

ሰባተኛው ላይ ጊዜ አጠረኝና በረራውን ትቼ አራት ቀላል ሥዕሎች ሠራሁ። ረዳቱ ብሮቹን በቁመታቸው አጥፎ ጣቶቹ መሃል ሰክቷል። አንዲት እናት «ልጄ፣ መልሴን» ይሉታል። እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይጮሃል። ታክሲው እኮ ሞልቷል። መጨረሻው ሥዕል ላይ ሴትየዋ ወርደው እየሄዱ ነው፤ ረዳቱ መዳፉ ላይ የቀረውን ሳንቲም ያያል።

ያን ቀን አንባቢ እርስ በርሱ ተጨቃጨቀ። ግማሹ «ሌባ» አለው። ግማሹ «ረስቶ ነው» አለ። አንዷ ጭራሽ ጎረቤቷ ይመስል «የቤት ኪራይ ደርሶበት ነው» ብላ ተሟገተችለት። ከተማ ሙሉ ሲያድን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ልጅ፣ ለሁለት ብር ጠበቃ አገኘ።

ጀግና አይሳል ማለቴ አይደለም። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየው ካባው ይመስለናል። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ፣ በሌላ ስም ተራ ጋዜጠኛ መስሎ ሲኖር የሚያደርገው መነጽር ነው። የሚወዳት ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ሌላውን እሱን ታደንቃለች፤ እሱም መነጽሩን አስተካክሎ ዝም ይላል። የእኛው ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ጀምበር» የተባለ የጀግና ኮሚክ ላይም ልቤ ውስጥ የቀረው ከኃይሉ በፊት ያለው ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ልጅ።

ሁለት ስም ይዞ መኖርስ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የትምህርት ቤት ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ የቤት ስም አለ። ቢሮ ውስጥ ሰው የሚንቀጠቀጥለት ኃላፊ እናቱ ቤት ሲገባ «ማሙሽ» ነው። ማሙሽ ሲባል ትከሻው እንዴት ወረድ እንደሚል መሳል የቻለ ሰው፣ ግማሹን ታሪክ ጨርሷል።

አማርኛ ለኮሚክ አይመችም የሚሉ ሠዓሊዎች አሉ። ቃሉ ይረዝማል፣ ንግግር የሚጻፍባት ነጭ ክብ ውስጥ አይገባም ይላሉ። እኔ እንደ አማርኛ ለኮሚክ የተመቸ ቋንቋ አላየሁም። (የማውቀው ሁለት ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም።) ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «አባትህ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል…» ብዬ ክቧን እዘጋለሁ። ስልክ ላይ የሚነበብ ኮሚክ፣ ኮሪያውያን ዌብቱን ብለው እንዳስፋፉት፣ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከክቧ ሥር ረጅም ባዶ ቦታ እተዋለሁ። አንባቢው በአውራ ጣቱ ይገፋል፣ ይገፋል። ታች የሚጠብቀው «ወጣ» ነው ወይስ «ጠፋ»? እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ልቡ የሚመታው ምንም ሳልስል ነው።

አጠራሩስ? ረዳቴ አከራዩን ሁልጊዜ «እትዬ» ነበር የሚላቸው። ኪራይ በጨመሩበት ቀን «ሴትዮ» አላቸው። የዚያን ቀን ፊቱን አልሳልኩም፤ የተዘጋ በር ብቻ ነው የሳልኩት። በቂ ነበር።

ቋንቋው መዘዝም አለው። ጭምብል ያጠለቀ፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይታወቅ ሌባ ልሠራ ሞክሬ ነበር። ገና መጀመሪያው ሥዕል ላይ ፖሊሱ ሊያስቆመው ይገባል። «ቁም!» ይበል «ቁሚ!»? ምስጢሬ በአንድ ፊደል ተበላ። «ይቁሙ!» እንዳይል ደግሞ፣ ሌሊት ጣሪያ ለጣሪያ የሚሮጥ ሰው በአክብሮት አይያዝም። ሥራው እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ገፀ ባህሪ እንዴት ይሠራል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምጠቅሰው ስምዖን በላዔ ሰብእን ነው። ልጅ ሆኜ ታሪኩን የሰማሁት ከአያቴ ነው፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። 78 ሰው የበላ ሰው። ብዙ ሰው በላ ተብሎ አልታለፈም፤ ተቆጥሯል። ከዚያ አንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ውሃ ይለምነዋል። ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ነፍሱ ስትመዘን በአንዱ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ። ካህን ስላልሆንኩ ስለ ምሕረቱ አልናገርም። እንደ ኮሚክ ሠሪ ግን የሚያስቀናኝ ነገር አለ፦ በጨካኙ እጅና በውሃው መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ለምን እንደራራ ረጅም ንግግር አያደርግም። እኔ ብሆን፣ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሥዕል ሙሉ ባስለፈለፍኩት ነበር።

ከድሮዎቹ ሠዓሊዎች የሰረቅኩት ሌላም ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን። ረዳቴ መልስ ሲያስቀር በጎን ነው የምስለው። ሲመልስ ፊቱን ወደ አንባቢው አዞረዋለሁ። እስካሁን ያስተዋለ ሰው የለም፤ ወይ ካለም አልነገረኝም።

ችግሩ የሚቀጥለው ክፍል ነው። እናቱ ከገጠር መጥተው እሱ የሚሠራበት ታክሲ ውስጥ ይሳፈራሉ። የሳንቲሟ ሴትዮ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። እናቱ ሰው ሁሉ እየሰማ በቤት ስሙ ይጠሩታል። በአንድ ዓይን ልሳለው በሁለት? ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ።

ያ ወጣት በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ። «ባለመብረቁ እናት የለውም። ያሳደገችው አክስቱ ናት። ስትጠራው ሁሌ ትሳሳትና የሞተ ወንድሟን ስም ነው የምትጠራው። እሱም አቤት ይላል።»

ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ አዲሱን ሥዕል ላከ። አክስቱ በር ላይ ቆማለች፣ እሱ ዞር ብሏል። ካባውን ግን አልተወውም።