ለአረንጓዴዋ መብራት ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ራውተራችን ግንባር ላይ ለምትበሪው አረንጓዴ መብራት
ደብረ ብርሃን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን
ጉዳዩ፦ ዓይን አውጣነትሽን ይመለከታል

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከኢንተርኔት ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያንቺን ደህንነት መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም። ፋይበሩ ተበጥሶም፣ ቤቱ ሁሉ ስልኩን ወደ ጣሪያ እያነሳ ሲዞርም፣ አንቺ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ቦግ ብለሽ በርተሻል።

ለአንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ቤታችን ሁለት ኢንተርኔት አለ። ሀብት እንዳይመስላችሁ፤ ምሬት ነው። አንዱ በፋይበር መጥቶ ግድግዳው ላይ ባለችው ነጭ ሳጥን ይገባል። ሌላው ሲም የምትጎርሰው የፎርጂ ሳጥን ነው። የሁለቱም ኬብል ከአንቺው ራውተር ኋላ ተሰክቷል። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ፋይበሩ ሲሄድ ሲሙ ይረከባል፣ እማዬ ቤሩት ካለችው እህቴ ጋር የጀመረችው የኢሞ ወሬ ቢቋረጥባት እንኳ ወዲያው መልሳ ትደውላለች፣ እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ከዚያ መንገድ የሚቆፍር ስካቫተር መጣና ፋይበሩን በጠሰው። ነጯ ሳጥን ላይ ሎስ የምትባለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቀይዋን አከብራታለሁ። ፋይበር ውስጥ የሚመላለሰው ብርሃን ነው፤ እሷም «ከወዲያ የሚመጣው ብርሃን ቀርቷል» ብላ ቁርጡን ተናገረች። አንቺስ? አንቺ ክንድ በማታህል ርቀት ላይ ተቀምጠሽ «ሁሉ ሰላም» ትያለሽ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ይህችን ከተማ መሠረቱ ይባላል። እሳቸው ካዩት ብርሃን ከተማ ወጣ። ካንቺ ብርሃን አንዲት የቴሌግራም መልእክት እንኳ አልወጣችም።

እማዬ ደግሞ ታምንሻለች። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ስልኳን እንደያዘች፣ ጎንበስ ብላ አየችሽ።

«አንተ፣ በርታለች እኮ!»

«ኢንተርኔቱ ግን የለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን በራች?»

ይህን አንቺው መልሺላት።

ደንበኞች አገልግሎት ስደውልም ምስክርነትሽ እኔው ላይ ዋለ። «መብራቷ አረንጓዴ ናት?» አለችኝ ልጅቷ። «የራውተሩ አዎ፣ የነጯ ሳጥን ግን...» ብዬ ሳልጨርስ «እንግዲያው መስመሩ ደህና ነው፣ አጥፍተው ያብሩት» ብላ ዘጋችው። አጥፍቼ አበራሁ። አንቺም ታድሰሽ፣ አምሮብሽ በራሽ።

ምሥጢርሽ ኋላ ነው የገባኝ። አንቺ የምታውቂው ከኋላሽ ኬብል መሰካቱንና ከኬብሉ ማዶ ያለችው ሳጥን ኤሌክትሪክ ማግኘቷን ብቻ ነው። ፋይበሩ የተበጠሰው ከነጯ ሳጥን ወዲያ ነው፤ ከሳጥኗ እስከ አንቺ ያለችው አጭር ኬብል ደግሞ ምንም አልሆነችም። ባለቤቱ አገር ጥሎ ሄዶ እንኳ በሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ «አሉ፣ ይግቡ» የሚል ዘበኛ ማለት ነሽ። ራውተሩም ያንቺን ቃል ይዞ ሁሉንም ወደ ሞተው መስመር መላኩን ቀጠለ። ሲሙ ፓኬጁን ታቅፎ ቁጭ ብሏል፣ የሚጠራው የለም። ነጯ ሳጥን ጭራሹን ብትጠፋ፣ ወይም ኬብሉ ቢነቀል፣ ሲሙ ያን ጊዜውኑ ይረከብ ነበር። የሚገድለን ያልሞተ ያልዳነው ነው፤ ስልካችን ላይም «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» እያለ ሙድ የሚይዝብን።

ስለዚህ ካሁን በኋላ አንቺን የሚጠይቅ የለም። ራውተሩ በየ5 ሴኮንዱ ከቤት ውጭ ራቅ ያለ የኢንተርኔት አድራሻ፣ 8.8.8.8ን እና 1.1.1.1ን፣ «አለህ?» እያለ እንዲጠይቅ ተደርጓል። ሁለቱም ደጋግመው ዝም ካሉ መስመር ይቀይራል። አድራሻው ሁለት የሆነው አንዱ በራሱ ምክንያት ዝም ቢል በከንቱ እንዳንሰደድ ነው። ራውተሩን የገጠመልን ልጅ መጀመሪያ 192.168.1.1ን እንዲጠይቅ ነበር ያዘዘው፤ እሷ ግን ነጯ ሳጥን ራሷ ናት፣ ፋይበሩ ኖረም አልኖረም «አለሁ» ማለት አይታክታትም። ዘመድሽ ሳትሆን አትቀርም። ይባስ ብሎ የፎርጂዋም ሳጥን አድራሻ 192.168.1.1 ነበር። ራውተሩ የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ ግራ ገብቶት ከረመ፤ አንዷን 192.168.2.1 ስንላት ተገላገልን።

ይኼ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላስ አረፍሽ? የት! አሁን ደግሞ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለን አትናገሪም። ፋይበር ሲሆንም አረንጓዴ፣ ሲም ሲሆንም ያው አረንጓዴ። ሌሊት መስመሩ ይቀየራል፣ የቤቱ ስልኮች ዋይፋይ አገኘን ብለው አፕዴታቸውን ያወርዳሉ፣ ታናሽ ወንድሜ የሰርግ ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶ ይጭናል፣ ጠዋት ስንነሳ ፓኬጁ አልቋል። እንዲያ ሲሆን እንኳ አንድ ጊዜ ብልጭ ብትይ ምን ነበረበት?

የፎርጂዋን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ከላሜራው መስኮት አጠገብ ናት ያለችው። ቀን መስኮቱ ሲከፈት ሲግናሏ ሙሉ ነው። 11 ሰዓት ሲል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጀምር፣ እማዬ ትዘጋዋለች። ላሜራ ደግሞ ብረት ነው፣ ሲግናል አያሳልፍም። ኢንተርኔቱ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይጠልቃል። እማዬን «መስኮቱን ክፈቺው» የሚል ካለ ይምጣና ይበላት፤ እኔ ሳጥኗን ወደ እንጨቱ በር ማዛወሩን መርጫለሁ።

ጎረቤታችን «ሁለቱንም ባንዴ አሠራቸው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» ብሎ መክሮኝ ነበር። እጥፍ አይሆንም። አንድ ፊልም ስታወርድ በአንዱ መስመር ነው የሚመጣው፤ ሌላው ለሌላ ሰው ይተርፋል እንጂ አይደመርም። የባንክ ገጹም አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አድራሻ ስትመጣበት ተጠራጥሮ ያስወጣሃል። በፊት በር ገብተህ በጓሮ ስትወጣ ማን ያምንሃል?

ደግሞ መብራት ሲሄድ ሦስቱም ሳጥኖች ድርግም ይላሉ፤ ሁለት ኢንተርኔት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። አንቺም ያኔ ትጠፊያለሽ። እውነት የምትናገሪው ያኔ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ አነስተኛ ዩፒኤስ ሊገዛ ታስቧል፤ ነጯን ሳጥን፣ ፎርጂዋንና ራውተሩን ሦስቱንም ካልያዘ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በመሆኑም ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ በጥቁር ናስትሮ የምትሸፈኚ መሆኑን አስታውቃለሁ። ቅሬታ ካለሽ ለእማዬ ማመልከት ትችያለሽ፤ እስካሁን ካንቺ ጋር ናት።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ልጅ

ግልባጭ፦
ለቀይዋ መብራት (ከምስጋና ጋር)
ለመጠባበቂያው ሲም (ፓኬጅ ሲሞላ)
ለታናሽ ወንድሜ (የሰርግ ቪዲዮውን በተመለከተ)