አጎቷ ፈረስ የሆነች ቪትዝ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን ስጠብቅ፣ ደላላው ደወለና «ጋሼ፣ በአቅምዎ የምትሆን ቪትዝ ተገኝታለች፤ የሴት መኪና ናት» አለኝ። ሞተሯ ዘይት ትበላ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «የሴት ናት እኮ ነው የምልዎት» አለ። ተጋጭታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለስልሶ «ጋሼ፣ ሴት ናት የያዘቻት» ሲል ደገመልኝ። ያገለገለ መኪና መፈለግ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ከተማ ወንድ የነዳት የምትሸጥ መኪና አልገጠመችኝም። ወንዶቹ የሚነዷቸው የት ገብተው እንደሚቀሩ እግዜር ይወቅ።

ነገሩ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ግን ያበሽቀኛል። ይኸው ሰው መገናኛ ላይ ከፊቱ ያለች መኪና ለአፍታ ብትዘገይ፣ ነጂውን ሳያይ «ሴት መሆን አለባት» ብሎ ጡሩምባውን የሚያስጮህ ነው። መንገድ ላይ መሪ መያዝ አትችልም የተባለችው ሴት፣ መኪናዋ ለገበያ በቀረበች ማግሥት ጉድጓድ የማትረግጥ፣ ዘይት በቀኑ የምታስቀይር፣ ከአርባ በላይ የማትነዳ ቅድስት ትሆናለች። እኅቴ አሥራ አንድ ዓመት የነዳቻትን ያሪስ ልትሸጥ በወጣች ጊዜ ግን፣ ገዢዎቹ ሁሉ ስለ መኪናዋ የሚጠይቁት አጠገቧ የቆምኩትን እኔን ነበር፤ ዋጋውን እሷ ስትናገር እነሱ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ስንት ይቀንሳሉ?» ይሉ ነበር። «የሴት መኪና» መባል ዋጋ ይጨምራል፤ ሴቲቱ ራሷ ስትሸጣት ግን ዋጋው ይወርዳል። ይህን ሒሳብ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለውን ተረት ከሌሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው በቅሎዋ ስላልዋሸች ነው። እናቷ ባዝራ ናትና የእናቷ ወንድም ፈረስ መሆኑ ሐቅ ነው፤ አህያው አባቷ ብቻ ሳይነሣ ቀረ። የመኪና ገበያ ሰዎችም ሐሰተኞች ይባሉ እንጂ እኔ እንደ ታዘብኩት አብዛኞቹ እውነት ነው የሚናገሩት፤ ነገር ግን ያልተጠየቁትን ነው። ቀለሟ የፋብሪካ ነው ወይ ስትላቸው ጎማዎቿ አዲስ መሆናቸውን ይነግሩሃል። ኪሎ ሜትሯ አልተመለሰም ወይ ስትላቸው የዘንድሮን ቦሎ መለጠፏን ያሳዩሃል። ስሙ መቼ ይዛወራል ብለህ ስትጠይቅ ደግሞ «ውክልናው ዝግጁ ነው» ይሉሃል።

ይህ ውክልና የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ አጎት ነው። አንድ ወዳጄ ዶልፊን ሚኒባስ በውክልና ገዝቶ፣ ሊብሬው፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ፣ ዛሬም በሻጩ ስም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ይህን ከሰማ ጀምሮ ወዳጄ በየሳምንቱ ለሻጩ እየደወለ ስለ ደም ግፊታቸው ይጠይቃል፣ ጨው እንዲቀንሱም ይመክራል። ሽማግሌው እንዲህ ያለ አሳቢ ልጅ አልወለድኩም እያሉ ለሰው ያወራሉ አሉ።

ለነገሩ ደላላውን ብቻ መውቀስ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪናዎችን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መታቸው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ይኖራሉ፤ ባረጁም ቁጥር እንደ ቦታ ዋጋቸው ይወጣል። ኤሌክትሪኳን ለምን አትገዛም የሚሉኝ አሉ፤ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስነግራቸው ገመዱን በመስኮት አውርደው ይሉኛል። ዘመድ ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር ደግሞ ከአንድ ጥያቄ አያልፍም፦ «ሲሸጥስ ያወጣል?» ገና ሳልገዛት ልሸጣት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩ በመሳሳቱ ሞተር ከባሕር ጠረፍ አቅሙ ሩብ የሚጠጋውን እንደሚያጣ፣ ያቺ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ አምስት ሰው ጭና የሽሮ ሜዳን ዳገት እንዴት እንደምትወጣ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ሁለት አጎቶቼ ግን ከቪትዝና ከያሪስ የቱ ይሻላል በሚል ተጣልተው ለአንድ ሳምንት ተኮራርፈዋል፤ ያው አንዱ ፋብሪካ ለጃፓን ገበያ ቪትዝ፣ ለአውሮፓ ያሪስ ብሎ የሸጣት አንዲት መኪና መሆኗን ብነግራቸው ሁለቱም እኔን አኮረፉኝ።

መካኒክ ይዘህ ሂድ የሚሉኝም አሉ፤ የእነዚህኞቹ ምክር የቆየ ቁስል ይነካብኛል። በ2006 ዓ.ም. ከእኔ ብዙም በዕድሜ የማታንስ ዲኤክስ ልገዛ መካኒክ ቀጥሬ ነበር። ሰውየው ኮፈኗን ከፈተ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሐኪም ካዳመጠ በኋላ «ጋሼ፣ ሞተሯ ወተት ናት» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ጨሳ ቆመች፤ የዘይቱን ክዳን ስከፍት ውስጡ ነጭ አረፋ ሆኖ አገኘሁት፤ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሎ ውኃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። እውነትም ወተት ነበረች። ሰውየው ያንጊዜ ከእኔም ከደላላውም ተቀብሎ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ እስከ ዛሬም ማኪያቶ ሲቀርብልኝ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት መካኒክ ሳልይዝ፣ ከማቀዝቀዣችን በር ላይ የሙዝ ቅርጽ ያለውን ማግኔት ነቅዬ ገርጂ ሄድኩ። ላሜራው ላይ ጥብቅ ብሎ የሚይዘው ማግኔት የግራው የኋላ በር ላይ ሲደርስ ጠብ ብሎ ወደቀ፤ በሩ ከብረቱ ይልቅ ስቱኮው ይበዛል። ኮፈኗ ሲዳሰስ ይፋጃል፤ ከትናንት ጀምሮ አልተነሣችም ተብዬ ነበር። ኪሎ ሜትሯ 68,000 ይላል፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን ተልጦ እንደ ሳንቲም ያበራል። ይህን ለደላላው ባሳየው አንድም ሳያመነታ «ጋሼ፣ ሴት ፍሬን ታበዛለች» አለኝ።

በዚህ መካከል ባለቤቷ መጣ። ጺሙ ደረቱ የደረሰ፣ ትከሻው በበሩ የማይገባ ጎልማሳ ነው፤ ገብቶ ሲቀመጥ መቀመጫው በዓመታት ልምድ እንደ ተበጀለት አልጋ ተቀበለው። ሴቲቱስ የታለች ብዬ ጠየቅሁ። ደላላው ሊብሬውን ገልጦ አሳየኝ፦ የሰውየው ሚስት ስም በግልጽ ተጽፏል። አልዋሸኝም፤ ፈረሱ በእርግጥም አጎቷ ነበር።

ማግኔቴን ከመሬት አንሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስለ «የሴት መኪና» ልጽፍ ያሰብኩት ገና ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ደላላው እንደገና ደወለ። «ጋሼ፣ የዛሬዋን እንኳ አይጠራጠሩ፤ የመምህር መኪና ናት!» እኔ ራሴ ለሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መምህር በደመወዙ ዘይት በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚያስቀይር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የት ነው የቆመችው ብዬ ጠየቅሁትና ማግኔቱን ፍለጋ ወደ ማቀዝቀዣው ሄድኩ።